ምዕራፍ ስድስት፦ «አንግባ» ብለው ተመረጡ፣ «አንውጣ» ብለው ለመኑ

ማርች 12 ቀን 1986፣ ረቡዕ። (በዚህ ምዕራፍ ዘመኑን የምቆጥረው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው፤ ቀኑ በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1978 ይውላል።) 29 ሚሊዮን ገደማ የስፔን መራጮች ወደ ምርጫ ጣቢያ ተጠርተዋል። የሚመርጡት ፓርቲም ሆነ እንደራሴ የለም። የሚወስኑት አገራቸው ከአራት ዓመት በፊት በገባችበት ወታደራዊ ጥምረት ውስጥ ትቆይ ወይስ ትውጣ የሚለውን ብቻ ነው።

የተሰጣቸው ወረቀት ግን በቀጥታ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ ያግባባል። መንግሥት፣ ስፔን በአትላንቲክ ጥምረት ውስጥ ብትቆይ ለብሔራዊ ጥቅም ይበጃል ብሎ እንደሚያምን ይገልጻል። ቀጥሎ ሦስት ሁኔታዎች ይደረድራል። ስፔን በጥምረቱ የተቀናጀ የጦር መዋቅር ውስጥ አትገባም። የኒውክሌር መሣሪያ በምድሯ መትከል፣ ማከማቸትም ሆነ ማስገባት እንደተከለከለ ይቆያል። በአገሪቱ ያለው የአሜሪካ ጦር ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ከተነበበ በኋላ ነው በእነዚህ ሁኔታዎች መቆየቱ ይበጃል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። «ኔቶ» የሚለው ስም በወረቀቱ ላይ የለም። ተረስቶ አይደለም። ግድግዳው ሁሉ «ኔቶ ይቅርብን» በሚል ጽሑፍ በተዥጎረጎረበት አገር ስሙን መጥራት ድምፅ እንደሚያሳጣ ወረቀቱን ያረቀቁት ሰዎች አሳምረው ያውቁ ነበር።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚገርመው የሰዎቹ አሰላለፍ ነው። «ቆዩ በሉ» እያሉ ሕዝቡን የሚማጸኑት የሶሻሊስቶቹ መሪ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ፌሊፔ ጎንዛሌዝ ናቸው፤ እኚያው «አንግባ» ብለው አደባባይ የወጡት፣ «ከተመረጥን ሕዝቡ ራሱ ይወስናል» ብለው ቃል የገቡት ሰው። የቀኝ ክንፉ መሪ ማኑኤል ፍራጋ ደግሞ በፖለቲካ ሕይወታቸው ለኔቶ ሲሟገቱ ኖረው፣ በዚያች ቀን ደጋፊዎቻቸውን «ቤታችሁ ዋሉ፣ ድምፅ አትስጡ» ይላሉ። እንውጣ ይል የነበረው እንቆይ ሲል፣ እንቆይ ይል የነበረው ዝም በሉ አለ።

ስለ ወታደራዊ ጥምረት የሚነሳ የአገር ውስጥ ሙግት ሲተነተን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚዘረጋው ካርታ ነው፤ ጠላት ከየት ይመጣል፣ ማን ይደርስልናል እየተባለ። በስፔን ካርታው ብዙም አይረዳንም። የሶቪየት ታንክ ፒሬኔስ ተራሮችን ተሻግሮ ይመጣብኛል ብሎ እንቅልፍ ያጣ ስፔናዊ በቁጥር ነበር። አገሬው የተጨቃጨቀው ስለ ሞስኮ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው፤ ስለ ጦሩ፣ ስለ ፍራንኮ ዘመን፣ ስለ አሜሪካ ውለታና በደል፣ በመጨረሻም ቃሉን ስላጠፈ አንድ መሪ። ኔቶ የጭቅጭቁ ሰበብ እንጂ ሥሩ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ የሚከተለውም ለምን እንደዚያ እንደምል ያሳያል።

ጄኔራል ፍራንሲስኮ ፍራንኮ ከ1936 እስከ 1939 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ያሸነፈው በሂትለርና በሙሶሊኒ እርዳታ ነው። በ1949 አሥራ ሁለት አገሮች ኔቶን ሲመሠርቱ ስፔን ደጅ ቀረች። «ዴሞክራሲ ስላልነበረ ነው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ግን ሙሉ አይደለም፤ ጎረቤቷ ፖርቱጋል በአምባገነኑ ሳላዛር እየተገዛች ከመሥራቾቹ አንዷ ሆናለች። ፍራንኮን ያስጠላው አምባገነንነቱ ሳይሆን የቀድሞ ወዳጆቹ ነበሩ።

አሜሪካ የጓሮ በር አላጣችም። በሴፕቴምበር 1953 በማድሪድ ውል ተፈርሞ በቶሬሆን፣ በሳራጎሳ፣ በሞሮንና በሮታ የጦር ሰፈር እንድትሠራ ተፈቀደላት። ፍራንኮ ገንዘብና መሣሪያ አገኘ፤ ከሁሉም በላይ ከመገለል ወጣ። (የእኛም መንግሥት በዚያው ዓመት በሜይ ወር ከአሜሪካ ጋር የጦር ሰፈርና የወታደራዊ እርዳታ ውል ተፈራርሟል፤ የአስመራው ቃኘው ጣቢያ ሕጋዊ መሠረቱን ያገኘው በዚያ ነው። ዋሽንግተን በእነዚያ ዓመታት ቦታውን እንጂ የባለቦታውን ጠባይ አትመረምርም ነበር።) በዲሴምበር 1959 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ማድሪድ ሲመጡ ከፍራንኮ ጋር ተቃቅፈው ፎቶ ተነሱ። እስር ቤት ላለውና በስደት ለሚንከራተተው የስፔን ግራ ክንፍ ያ ፎቶ ከማንኛውም የጦር ሰነድ ይልቅ ተናጋሪ ነው። ከዚያ በኋላ «ምዕራቡ ዓለም ነፃነትን ይጠብቃል» ቢሉት የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከሰማይ ሌላ ነገር ወረደ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1966 ጠዋት በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ ፓሎማሬስ ከምትባል የገበሬና የዓሣ አጥማጅ መንደር በላይ፣ አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ በአየር ላይ ነዳጅ ሊሞላ ሲቃረብ ከነዳጅ ጫኙ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ሰባት አሜሪካዊ የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ቦምብ ጣዩ የያዛቸው አራት የሃይድሮጅን ቦምቦች ወደቁ፤ ሦስቱ መሬት ላይ፣ አንዱ ባሕር ውስጥ። የኒውክሌር ፍንዳታ አልደረሰም፤ ነገር ግን የሁለቱ ተራ ፈንጂ ፈንድቶ ፕሉቶኒየሙን በማሳው ላይ በተነው። አሜሪካኖቹ 1,400 ቶን ገደማ አፈርና አዝመራ በበርሜል አጭቀው ወደ ሳውዝ ካሮላይና ጫኑ። ባሕር የገባውን ቦምብ አግኝቶ ለማውጣት ሁለት ወር ተኩል ያህል ፈጀባቸው፤ ፍለጋውን ያሳጠረላቸው ሲወድቅ በዓይኑ ያየ የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ጥቆማ ነው።

መንደሩ ያመርተው የነበረው ቲማቲም ነው፣ አገሪቱ ደግሞ ቱሪስት ትጠብቃለች። ስለዚህ ማርች 8 ቀን የፍራንኮ የማስታወቂያና የቱሪዝም ሚኒስትር በዋና ልብስ ሆነው ከአሜሪካው አምባሳደር ጋር በካሜራ ፊት ባሕሩ ውስጥ ገቡ። ውኃው ንጹሕ ነው ለማለት ነው። ሚኒስትሩ ማን ናቸው? ማኑኤል ፍራጋ። ከሃያ ዓመት በኋላ በሕዝበ ውሳኔው ዋዜማ «ቤታችሁ ዋሉ» የሚሉት እኚሁ ሰው ናቸው። የስፔን መራጭ ስለ ጦር ሰፈርና ስለ ኒውክሌር ሲነገረው በዓይነ ኅሊናው ያ ዋናተኛ ቢመጣበት አይፈረድበትም።

ፍራንኮ በ1975 ሞተ። ምርጫ መጣ፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ጦሩ ግን ያው የፍራንኮ ጦር ነው። በ1981 መግቢያ ጠቅላይ ሚኒስትር አዶልፎ ስዋሬዝ ሥልጣን ለቀቁ። ለመተካት የታጩት ሊዮፖልዶ ካልቮ ሶቴሎ ለምክር ቤቱ ባሰሙት ንግግር አገሪቱን ወደ ኔቶ እንደሚወስዷት አስታወቁ። ፌብሩዋሪ 23 ከቀትር በኋላ፣ ምክር ቤቱ ሹመታቸውን ለማጽደቅ ስም እየተጠራ ድምፅ ሲሰጥ፣ ሌተና ኮሎኔል አንቶኒዮ ቴሄሮ ታጣቂዎች አስከትሎ፣ ሽጉጡን መዝዞ ገባ። ተኩስ ወደ ጣሪያው ተለቀቀ፤ እንደራሴዎቹ ከወንበራቸው ሥር ተደፉ። የጥይቱን ቀዳዳ ዛሬም የምክር ቤቱን አዳራሽ የሚጎበኝ ሰው ያየዋል። ሌሊቱን ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ የጦር አዛዥነት ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ቀርበው ግልበጣውን ሲቃወሙ ነገሩ መክሸፍ ጀመረ፤ በማግስቱም አበቃ።

በዚያች ሌሊት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሄግ ስለ ሁኔታው ተጠይቀው የስፔን የውስጥ ጉዳይ ነው አሉ። ሄግ ወደ ሚኒስትርነት ከመምጣታቸው በፊት በአውሮፓ የኔቶ ጦር ጠቅላይ አዛዥ የነበሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ ግራ ክንፉ ይህን እንዴት እንደሰማው መገመት አያዳግትም።

ከአንድ መፈንቅለ መንግሥት ሁለት ወገኖች ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ወሰዱ። ካልቮ ሶቴሎና ወገኖቻቸው እንዲህ አሉ፦ መኮንኖቻችን ሥራ ፈትተው ፓርላማውን እያዩ ነው የተቀመጡት፤ ኔቶ ውስጥ ብናስገባቸው ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዞራሉ፣ ከዴሞክራሲያዊ አገር መኮንኖች ጋር ይሠለጥናሉ፣ ዘመናዊ መሣሪያ ያገኛሉ፣ ፖለቲካውንም ይረሱታል። የተቃዋሚዎቹ መልስ አጭር ነው። ግሪክ የኔቶ አባል ሆና አይደለም ወይ በ1967 ኮሎኔሎች የገለበጧት? የቱርክ ጄኔራሎች ሥልጣን ከያዙስ ገና ዓመት ሞላ? ሁለቱም ክርክር ውስጥ እውነት አለ። የቀኙ ወገን በረጅሙ ሲታይ ተሳስቷል ማለት ይከብዳል፤ የስፔን ጦር በእርግጥም ወደ ሰፈሩ ተመልሷል። ለዚያ ግን ኔቶ ብቻውን ይመስገን ወይስ ከ1982 በኋላ የሶሻሊስቶቹ መንግሥት ያካሄደው የጦር ማሻሻያ የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

ከጦሩ ውስጥም የሚያጉረመርም አልጠፋም። የኔቶ ስምምነት ስድስተኛ አንቀጽ ጥበቃው የሚሸፍነውን መሬት በስም ይለያል፦ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ፣ ቱርክ፣ ከካንሰር መስመር በስተሰሜን ያሉ የአትላንቲክ ደሴቶች። ስፔን በሞሮኮ ጠረፍ ላይ የያዘቻቸው ሴውታና ሜሊያ የአፍሪካ ምድር ናቸውና ከዚህ ውስጥ የሉበትም። አንድ የስፔን መኮንን ይነካብኛል ብሎ የሚሰጋው ቦታ ደግሞ ከእነዚያ ሁለት ከተሞች ሌላ ብዙም የለውም። እንግሊዝም በስፔን ደቡባዊ ጫፍ ያለውን ጂብራልታርን እንደያዘች ነው። ከእሷ ጋር በአንድ ጥምረት መቀመጥ ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም።

ካልቮ ሶቴሎ አልጠበቁም። በኦክቶበር 1981 ምክር ቤቱ በ186 ለ146 ድምፅ ፈቀደ፤ ሜይ 30 ቀን 1982 ስፔን አሥራ ስድስተኛዋ አባል ሆነች። ሰዓቱም አልመረጠላቸውም። በዚያው ሳምንት እንግሊዝ በፎክላንድ ደሴቶች ላይ ከአርጀንቲና ጋር እየተዋጋች ነበር፤ ስፔናዊው ደግሞ ልቡ ቋንቋውን ከሚናገሩት ከአርጀንቲናውያን ጋር ነው። ይህን ያህል ትልቅ ጉዳይ በ40 ድምፅ ብልጫ መወሰኑ ለጎንዛሌዝ ሲሳይ ሆነላቸው። ቅስቀሳቸው ጥምረቱን ከማውገዝ ይልቅ ሕዝቡ አልተጠየቀም በሚለው ላይ አረፈ። መፈክራቸውም «ለመነሻው፣ ኔቶን አንፈልግም» የሚል መንፈስ ነበረው፤ «ለመነሻው» ያሏት ማምለጫ በኋላ ብዙ ተቀልዶባታል።

በኦክቶበር 1982 ሶሻሊስቶቹ ከ350 ወንበር 202ቱን ጠራርገው ወሰዱ። የሴቪሊያው ጠበቃ ጎንዛሌዝ ገና 40 ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ወደ ወታደራዊው መዋቅር የሚደረገውን ጉዞ ማቆም ሆነ። አልወጡም፣ አልገፉምም። ሕዝበ ውሳኔውም ዛሬ ነገ እየተባለ ሦስት ዓመት ተኩል ቆየ።

ጎንዛሌዝ ለምን አቋማቸውን ለወጡ? ተቀናቃኞቻቸው ሥልጣን ጣማቸው ይላሉ፤ ወዳጆቻቸው አገር መምራት ተቃዋሚ ከመሆን ይለያል ይላሉ። እኔ የምሰጠው ትልቁን ድርሻ ለብራስልስ ነው፤ ያውም ለኔቶ ዋና መሥሪያ ቤት ሳይሆን በዚያው ከተማ ለከተመው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ። ስፔን ለመግባት ደጅ የምትጠናው ማኅበረሰብ ያኔ አሥር አባላት ነበሩት፤ ከአየርላንድ በስተቀር ሁሉም የኔቶ አባላት ናቸው። ሁለቱን የሚያያይዝ ሕግ የለም። ግን ሕግ የሌለበት ቦታ ሁሉ ባዶ አይደለም። በሜይ 1983 ጎንዛሌዝ ቦን ሄደው የጀርመኑን መሪ ሄልሙት ኮልን አነጋገሩ። ኮል የአሜሪካን ፐርሺንግ ሚሳኤሎች በአገራቸው ሊያስተክሉ ወስነው በገዛ ሕዝባቸው ሰልፍ ተወጥረው ነበር። ሶሻሊስቱ ጎንዛሌዝ ውሳኔውን እንደሚረዱላቸው በይፋ ተናገሩ። ፓርቲያቸው ደነገጠ። ኮል ግን ውለታውን አልረሱም፤ የስፔንን የአውሮፓ ማመልከቻ ከገፉት ሁሉ ዋነኛው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። በኦክቶበር 1984 ጎንዛሌዝ ለምክር ቤቱ አሥር ነጥብ ያለው የሰላምና የደኅንነት ፖሊሲ አቀረቡ፤ ፍሬ ነገሩ እንቆያለን፣ ግን በራሳችን ልክ ነው። በዲሴምበር የፓርቲያቸው ጉባኤ ተጨቃጭቆ ተቀበለው። በጁን 1985 የአውሮፓ መግቢያው ውል ማድሪድ ላይ ተፈረመ፤ በወሩ ኔቶ ከልብ ያልተዋጠላቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፈርናንዶ ሞራን ተነሡ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1986 ስፔን የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል ሆነች። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ የአውሮፓው በር ከተከፈተ አሥር ሳምንት አልፎታል። ካልቆየን አውሮፓ አይቀበለንም የሚለው ክርክር እንግዲህ ጊዜው አልፎበታል፤ የቀረው ቃላችንን ካጠፍን ምን ይሉናል የሚለው ነው። ይህንን የሚሉት ደግሞ የራሳቸውን ቃል ያጠፉት ሰው ናቸው።

«በራሳችን ልክ» የተባለው ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ፈረንሳይ በ1966 በደጎል ዘመን ከተቀናጀው የጦር መዋቅር ወጥታ በጥምረቱ ግን ቀርታለች። ማኅበር ገብቶ ጽዋው ሲደርስ ተራዬን አልደግስም እንደማለት ነው፤ ይቻላል፣ ግን የማኅበሩን አባላት ማስኮረፉ አይቀርም። ለጎንዛሌዝ የተመቻቸው የአገር ውስጥ ጥቅሙ ነው። ለግራው «አልገባንም» ለማለት፣ ለዋሽንግተንና ለቦን ደግሞ «አልወጣንም» ለማለት ያስችላቸዋል።

ቅስቀሳው ሲጀመር «እንውጣ» የሚለው ወገን ፓርቲ ሳይሆን ሕዝባዊ መድረክ ነበር። ኮሚኒስቶች፣ የሰላም ማኅበራት፣ ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ካቶሊክ ወጣቶች፣ ከሶሻሊስቶቹ ራሳቸው ያኮረፉ። ከፊት የቆሙት ደራሲውና ጸሐፌ ተውኔቱ አንቶኒዮ ጋላ ነበሩ። ከማድሪድ መሀል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ ቶሬሆን ጦር ሰፈር በእግር መጓዝ ለእነዚህ ሰዎች የየዓመቱ ልማድ ሆኖ ነበር። መንግሥት በበኩሉ ብቸኛውን አገር አቀፍ ቴሌቪዥን ይዟል፤ የግል ጣቢያ ገና አልተፈቀደም። ሀቪየር ክራሄ የተባለው ዘፋኝ በአንድ ኮንሰርት ላይ በጎንዛሌዝ የቃል ለውጥ የሚያሾፍ ዘፈን ዘፍኖ ነበር፤ ኮንሰርቱ በመንግሥቱ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ያ ዘፈን ተቆርጦ ወጣ። ዘፈኑ የታወቀውም በመቆረጡ ነው። ሳንሱር አድራጊዎች ይህንን ትምህርት ለምን እንደማይማሩት ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ፍራጋ ደግሞ ሒሳብ ሠሩ። «እንቆይ» ብለው ቢቀሰቅሱ ድሉ የጎንዛሌዝ ነው፤ የፓርላማ ምርጫው በዓመቱ ውስጥ ይመጣል። «እንውጣ» ማለት ደግሞ ከኮሚኒስት ጋር መሰለፍ ነው። ስለዚህ ድምፀ ተአቅቦ አወጁ፤ ጥያቄው በራሱ የተጭበረበረ ነው፣ አገሪቱ አስቀድማ ገብታለች ሲሉ ምክንያት ሰጡ። በአውሮፓ ያሉ ወግ አጥባቂ ወዳጆቻቸው ግራ ተጋቡ፤ የምዕራቡን ጥምረት ከመበተን የሚያድነው ድምፅ ሲፈለግ የቀኝ ክንፍ መሪ ሰዉን ቤት ያስቀምጣል? ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ፓርቲ ለወንበር ብሎ ዓላማውን እንዴት እንደሚያስይዝ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። የጎንዛሌዝ አቋም መለወጥ ቢያንስ ዋጋ ሊያስከፍላቸው በሚችል አቅጣጫ ነበር።

እስከ መጨረሻው ሳምንት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች «እንውጣ» ይመራል ይሉ ነበር። በሕጉ ሕዝበ ውሳኔው ምክር ብቻ ነው፤ መንግሥትን አያስገድድም። ጎንዛሌዝ ግን በቴሌቪዥን ቀርበው ክርክሩን ከጥምረቱ ወደ ራሳቸው አዞሩት፦ «አይ» ካላችሁ ይህንን «አይ» የሚያስፈጽመው ማን ነው? ጥያቄው ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ማስፈራሪያ ነው። እኔ ከሄድኩ የሚመጣው ፍራጋ ነው ማለታቸው ነበር። ከጦር ሰፈር ይልቅ ዋናተኛውን የሚፈራ ብዙ የግራ ክንፍ መራጭ አፍንጫውን ይዞ ወደ ሣጥኑ ሄደ።

«እንቆይ» ያለው ከ9 ሚሊዮን ጥቂት በለጠ፤ «እንውጣ» ያለው 6.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ባዶ ወረቀት ከተተ፤ ከአሥር መራጭ አራቱ ከቤቱ አልወጣም። በካታሎኒያ፣ በባስክ፣ በናቫራና በካናሪ ደሴቶች «እንውጣ» አሸነፈ። የካናሪ ነገር ያስተምራል። ደሴቶቹ ከአፍሪካ ጠረፍ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃሉ፤ ግን ከካንሰር መስመር በስተሰሜን ያሉ የአትላንቲክ ደሴቶች ናቸውና እንደ ሴውታና ሜሊያ ሳይሆኑ በስድስተኛው አንቀጽ ጥበቃ ሥር ይወድቃሉ። ከስፔን ሁሉ ለጦርነት ተጋላጭ የሚባሉት ሰዎች ጥበቃውን አንፈልግም አሉ። ለእነሱ ጋሻ ተብሎ የቀረበላቸው ነገር ዒላማ የሚያደርጋቸው መስሎ ታያቸው።

ዕዳው ተከፈለ። ፍራጋ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከፓርቲ መሪነታቸው ወረዱ። ከ«እንውጣ» ዘመቻው ግርግር ኮሚኒስቶችና ሌሎች የግራ ቡድኖች የተባበሩበት «የተባበረው ግራ» የተባለ ጥምር ፓርቲ ተወለደ፤ እስከ ዛሬ አለ። ጎንዛሌዝ በጁን 1986 እንደገና አብላጫ ወንበር አገኙ፤ መራጩ ቃል ማጠፋቸውን አውቆ መረጣቸው። በሕዝበ ውሳኔው ሰሞን የባህል ሚኒስትር የነበሩትና ቀድሞ ከፓርቲያቸው ጋር ኔቶን ሲቃወሙ የነበሩት ሀቪየር ሶላና በ1995 መጨረሻ የኔቶ ዋና ጸሐፊ ተደርገው ተሾሙ። በ1999 ዩጎዝላቪያን 78 ቀን የደበደበውን የአየር ዘመቻ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው።

ሦስቱ ሁኔታዎችስ? ሁለተኛው፣ የኒውክሌር ክልከላው፣ በወረቀት እንደቆመ ነው። ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ተከበረ፦ በ1988 በተደረሰ ስምምነት በቶሬሆን የነበሩት 72 ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላኖች እንዲወጡ ተወስኖ ወጡ፤ አሜሪካኖቹ ከተደራዳሪ ስፔናዊ ያልጠበቁት ግትርነት ገጠማቸው። የሕዝበ ውሳኔው ወረቀት ለድርድር ጠቀመ ማለት ነው። ቆይቶ ግን ነገሩ ወደ ኋላ ዞረ። በ2011 የሶሻሊስት መንግሥት አራት የአሜሪካ ሚሳኤል መከላከያ የጦር መርከቦች በሮታ እንዲሰፍሩ ተስማማ፤ በ2022 ደግሞ ሌላው የሶሻሊስት መንግሥት ወደ ስድስት ለማሳደግ ተስማማ። የመጀመሪያው ሁኔታ በ1996 በምክር ቤት ድምፅ ተነሣ፤ ሶሻሊስቶቹም ደገፉት፤ ከ1999 ጀምሮ ስፔን በተቀናጀው የጦር መዋቅር ውስጥ ሙሉ አባል ናት። ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀውን ሁኔታ ሕዝብ ሳይጠየቅ ማንሣት በሕግ ይቻላል፤ ውሳኔው ምክር ነበርና። በዚያች ረቡዕ አፍንጫውን ይዞ «እንቆይ» ላለው ሰው ግን ሕጋዊነቱ ብዙም አያጽናናም። ድምፁን የሰጠው ለእነዚያ ሁኔታዎች ነበር።

ሙግቱ አሁንም አልበረደም፤ መልኩን ብቻ ቀይሯል። በጁን 2022 ኔቶ ፊንላንድንና ስዊድንን የጋበዘበትን ጉባኤ ማድሪድ ስታስተናግድ፣ ከሶሻሊስቶቹ ጋር በአንድ ካቢኔ የተቀመጡት የግራ አጋሮች ጥምረቱን እየተቃወሙ ነበር። በጁን 2025 ሄግ ከተማ ላይ 32ቱ የኔቶ አባላት እስከ 2035 ድረስ ከአገር ውስጥ ምርታቸው 5 በመቶ ለመከላከያና ለተያያዥ ወጪ ለማድረስ ሲስማሙ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ፔድሮ ሳንቼዝ ለስፔን 2.1 በመቶ ይበቃታል ብለው ከዋና ጸሐፊው ጋር ደብዳቤ ተለዋውጠው ፈረሙ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በንግድ እጥፍ እናስከፍላቸዋለን አሉ። ማድሪድ ውስጥ የቀኝ ተቃዋሚው ጠቅላይ ሚኒስትሩ አገሪቱን ከአጋሮቿ አቃቃሯት ሲል፣ የግራ አጋሮቻቸው 2.1 በመቶውም በዛ አሉ። ሳንቼዝ ያለ እነዚያ አጋሮች ድምፅ አገር መምራት ይከብዳቸው ነበር። ቁጥሩን ያወጡት የጦር ባለሙያዎች ናቸው ቢባልም፣ 2.1 በመቶ የምክር ቤቱን የወንበር ድልድል ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አኃዝ አይደለም።